የምህንድስናው በርና የቤታችን ዝግጅት



ውድ አንባብያን! «ልጄ ኢንጂነር ይሆንልኛል» ወይም «ልጄ ኢንጂነር ትሆንልኛለች» ብሎ የማይመኝ ወላጅ ማግኘት ያስቸግራል። ምኞቱ መልካም ነው። ድልድይ የሚሠራ፣ ውሃ የሚያወጣ፣ መብራት የሚዘረጋ ሰው አገርን ይጠቅማል፤ ቤተሰቡንም ይደግፋል። ይሁን እንጂ ምኞት ብቻውን የትም አያደርስም። ምኞቱ በቤት ውስጥ ወደ ሰዓት፣ ወደ ጸጥታ፣ ወደ ደብተርና ወደ ትዕግሥት ካልተለወጠ የፈተናው ዕለት ባዶ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ወር ዓምዳችን ወደ ምህንድስና ትምህርት የሚያስገባውን ፈተና፣ በተለይም የሒሳብና የሳይንስ ዝግጅቱን፣ ከተማሪውም ከወላጁም አንጻር እንመለከታለን።

ቁጥሮቹ ምን ይነግሩናል?

እንደሚታወቀው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀምሯል። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም ግማሽ ነጥብ፣ ማለትም 50 በመቶ ማምጣት ግድ ሆኗል። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት ውስጥ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች ውስጥ ያለፉት 48,929 ናቸው።

ይህ የማኅበራዊ ሳይንሱንም የተፈጥሮ ሳይንሱንም ተማሪ ያጠቃለለ ቁጥር ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂ፣ በእንግሊዝኛና በስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ ይፈተናል። ምህንድስናን አጥብቆ የሚሻ ተማሪ ደግሞ ሌላ ደጃፍም ይጠብቀዋል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸውን በራሳቸው የመግቢያ ፈተና አወዳድረው የሚመርጡ ተቋማት ናቸው። በዚያ ውድድር ጎን ለጎን የሚቀመጡት ብሔራዊውን ፈተና ያለፉ ጎበዞች ስለሆኑ ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ መብለጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ ላይ መነሳት ያለበት ጥያቄ «ልጆቻችን ሰንፈው ነውን?» የሚል ነው። እኛ መምህራን በየክፍሉ የምናየው ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ ሌሊት ሙሉ ደብተር ይዘው ያነባሉ፤ ግን የሚያነቡት ፈተናው የማይጠይቀውን ዓይነት ንባብ ነው።

ፈተናው የሚጠይቀው ምንድን ነው?

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ሲያዝ 10 ሜትር ተንሸራቶ ቆመ እንበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በዚያው የፍሬን ኃይል ቢያዝ ስንት ሜትር ሄዶ ይቆማል? ብዙ ተማሪ ሳያመነታ «20 ሜትር» ይላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱም እጥፍ የሚሆን ይመስለዋል። ትክክለኛው መልስ ግን 40 ሜትር ነው። ምክንያቱም በእንቅስቃሴው ቀመር ውስጥ ርቀቱ የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው ቁጥር ጋር ነው። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ይሆናል። ቀመሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ ቁጥር ተሰጥቶት «አስላ» ቢባል ያሰላል። ጥያቄው እንዲህ ተገልብጦ ሲመጣበት ግን ቀመሩ ያለውን ትርጉም ካልያዘ ይጠፋበታል።

በኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። «4 ግራም ሃይድሮጅን በበቂ ኦክስጅን ውስጥ ቢቃጠል ስንት ግራም ውሃ ይገኛል?» የሚለውን ጥያቄ እንመልከት። አንድ ሞል የሃይድሮጅን ጋዝ 2 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ 4 ግራም ሁለት ሞል ነው። እያንዳንዱ ሞል ሃይድሮጅን አንድ ሞል ውሃ ይሰጣል። አንድ ሞል ውሃ 18 ግራም ነውና መልሱ 36 ግራም ይሆናል። ከ4 ግራም ተነስቶ 36 ግራም እንዴት ተገኘ ቢባል፣ ቀሪው 32 ግራም ከአየሩ የመጣ ኦክስጅን ነው። ይህን በራሱ አንደበት ማስረዳት የሚችል ተማሪ ቁጥሩ ቢለወጥ፣ ጋዙ ቢለወጥ አይደናገጥም።

ወደ ሒሳብ እንለፍ። ሁለተኛ ዲግሪ እኩልታን የሚፈታውን ረጅም ቀመር የማይሸመድድ ተማሪ የለም። ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ፣ አልጀብራ የሚለው ቃል ከርዕሱ በተገኘበት ኪታቡ፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሥዕል ነበር የፈታው። ያልታወቀ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያም የራሱ 10 እጥፍ ሲጨመርበት 39 ሆነ፤ ቁጥሩ ስንት ነው?

ወረቀት አንሡና ሞክሩት። በመጀመሪያ ጎኑ ያልታወቀ ካሬ ሣሉ። 10ሩን ለሁለት ከፍላችሁ፣ ስፋታቸው 5፣ 5 የሆነ ሁለት አራት ማዕዘኖች አንዱን በካሬው ቀኝ፣ ሌላውን በካሬው ግርጌ ለጥፉ። እስከ አሁን የተሣለው ስፋት በአጠቃላይ 39 ነው። ሥዕሉ ሙሉ ካሬ እንዳይሆን የጎደለችው በማዕዘኑ ላይ ያለችው 5 በ5 የሆነች ቦታ ናት፤ እሷም 25 ናት። 39 ላይ 25 ሲጨመር 64 ይሆናል። ስፋቱ 64 የሆነ ካሬ ጎኑ 8 ነው። ከ8 ላይ የጨመርነውን 5 ስንቀንስ 3 ይቀራል። እናረጋግጥ፦ 3 ጊዜ 3 ዘጠኝ፣ 10 ጊዜ 3 ሠላሳ፣ ድምሩ 39። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ «ካሬ ማሟላት» የሚባለው ይኸው ነው። የሚሸመደደው ረጅም ቀመርም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የሣለ ተማሪ ቀመሩን ቢረሳ እንኳ እንደገና ሊያወጣው ይችላል።

መድረሳ ቤት የለመድነው ዘዴ

እዚህ ላይ መድረሳ የተማሩ አንባብያን አንድ ነገር ያስተውላሉ። ደረሳው ትናንት የቀራውን ኪታቡን ዘግቶ ለሸኹ ሳያስረክብ ወደ አዲሱ ትምህርት አይሻገርም። ሸኹ ዘንድ ከመቅረቡ በፊትም ከባልንጀሮቹ ጋር ተቀምጦ ይከልሰዋል። ነባሩ ደረሳ ለአዲሱ ያስረዳል፤ አዲሱ ደግሞ ያልገባውን ይጠይቃል። እነዚህ ሁለት ልማዶች፣ መጽሐፍ ዘግቶ ማስታወስና ለሌላ ሰው ማስረዳት፣ ለሒሳብና ለሳይንስም ከሁሉ የበለጡ የአጠናን ዘዴዎች ናቸው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ አንድ ጥናት አሳትመዋል። ተማሪዎችን ከፍለው አንደኛው ወገን ጽሑፉን ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው አንብቦ ከዘጋ በኋላ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ዘግተው ለማስታወስ የታገሉት በለጡ። ደጋግሞ ማንበብ «አውቄዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን በፈተናው ዕለት አብሮ አይገኝም።

ነገር ግን አንድ ልዩነት መዘንጋት የለበትም። በሒፍዝ ትምህርት ቃሉ ሳይዛነፍ መያዙ ራሱ ዓላማ ነው። በፊዚክስና በሒሳብ ግን ቃሉን መያዝ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ልጅ የማስታወስ ችሎታው የሚያኮራ ነው። ያንኑ ችሎታ ይዞ ፊዚክስን በቃል ሊይዝ ቢነሳ ግን ይሸነፋል። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው «ለምን?» እያለ የሚጠይቅ ፈህም ነው።

ከህንድ አገር የተገኘ ትምህርት

አብሮ ማጥናት ምን ያህል እንደሚያደርስ ለማየት የምህንድስና መግቢያ ፈተና እጅግ ወደ ከበደበት አገር፣ ወደ ህንድ እንሻገር። በህንድ 23 የመንግሥት የቴክኖሎጂ ተቋማት አሉ። እነዚህን በመመኘት በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ተማሪ በሒሳብ፣ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ለመጀመሪያው ዙር ፈተና ይቀርባል። ያለው ቦታ 18 ሺህ ገደማ ነው።

በቢሃር ግዛት ዋና ከተማ በፓትና፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አናንድ ኩማር የተባለ የሒሳብ መምህር 30 የድሃ ልጆችን ሰብስቦ በነጻ ማዘጋጀት ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ማውላና ወሊ ረሕማኒ የተባሉ ዓሊም ተመሳሳይ ዕድል ለድሃ ሙስሊም ተማሪዎች እንዲደርስ ተነሱ። ፊዚክስ በማስተማር የሚታወቀው የፖሊስ ባለሥልጣን አብሃያናንድ አገዛቸው። እምነቱ ሌላ ነው፤ ዕውቀቱን ከመስጠት ግን አልከለከለውም። ይህ «ረሕማኒ 30» የተባለው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ለመጀመሪያ ጊዜ ለፈተና ያቀረባቸው 10 ተማሪዎች ሁሉም አለፉ። ማውላና ወሊ ረሕማኒ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ወደ አኺራ ተሻግረዋል፤ አላህ ይዘንላቸው።

የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ የመማሪያ ክፍል፣ ጥቂት ተማሪዎችና ዕውቀቱን የሚሰጥ ሰው ነው። በየአካባቢያችን በመስጊድ ግቢ ውስጥ ከሰላት ውጭ ባዶ የሚውል ክፍል አለ። በየክረምቱ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የሚመለሱ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ክፍሉንና ወጣቶቹን የሚያገናኝ አንድ ጀመዓ ወይም አንድ አባት ብቻ ነው የጎደለው።

ከዚያው ከህንድ የምንማረው መራራ ነገርም አለ። በራጃስታን ግዛት የምትገኘው የኮታ ከተማ ለዚህ ፈተና በሚያዘጋጁ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤቶች የታወቀች ናት። ልጆች በለጋ ዕድሜያቸው ከቤተሰብ ተለይተው ሌት ተቀን ያጠኑባታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዚያች ከተማ ከ20 በላይ ተማሪዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጥፍተዋል። ሁሉም የሰው ልጆች፣ ሁሉም የእናት ልጆች ነበሩ። ፈተና የልጅ ዋጋ መለኪያ ሆኖ በተቆጠረበት ቤት ጭንቀቱ እስከዚህ ሊያደርስ እንደሚችል ወላጅ ሁሉ ልብ ሊል ይገባል።

ለተማሪዎች

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! የሚከተሉትን ነጥቦች ከዛሬ ጀምራችሁ ሞክሯቸው።

አንደኛ፦ ዝግጅቱን ለ12ኛ ክፍል አታቆዩት። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ የሚቆመው በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ ነው። ክፍልፋይና እኩልታ የሚያስቸግረው ተማሪ ካልኩለስ ሲደርስ የሚያስቸግረው ካልኩለሱ ሳይሆን ያ አሮጌ ክፍተት ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የ9ኛ ክፍልን መጽሐፍ መክፈት አያሳፍርም።

ሁለተኛ፦ ለመማሪያ መጽሐፉ ቅድሚያ ስጡ። ከገበያ የሚገዙ አጋዥ መጻሕፍትና ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ የጥያቄ ወረቀቶች ይጠቅማሉ፤ ሆኖም በመማሪያ መጽሐፉ በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን መልመጃዎች ሳይሠሩ ወደ እነሱ መሮጥ ጣሪያ ሳይሠሩ ቀለም እንደመግዛት ነው።

ሦስተኛ፦ የስህተት ደብተር ይኑራችሁ። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ ጻፉ፤ ከሥሩም ለምን እንደተሳሳታችሁ በአንድ መስመር አስፍሩ። ቀመሩን አላወቅሁም? መለኪያውን ከግራም ወደ ኪሎ ግራም አልለወጥሁም? ጥያቄውን ቸኩዬ አነበብሁ? ከወር በኋላ ደብተሩን ስትገልጡ አንድ ዓይነት ስህተት ደጋግሞ እየመጣ እንደሚጥላችሁ ታያላችሁ። መድኃኒቱም ከዚያው ይገኛል።

አራተኛ፦ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ አጥኑ። ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር በሚመች ቦታ ተሰብሰቡ። ነገር ግን ለጨዋታ እንዳይሆን ሥርዓት አውጡለት። እያንዳንዱ አንድ ርዕስ ተዘጋጅቶ ይምጣና መጽሐፉን ሳይከፍት ለሌሎቹ ያስረዳ። ማስረዳት ያቃተው ቦታ ያልገባው ቦታ ነው።

አምስተኛ፦ ያለፉ ዓመታትን ፈተናዎች በሰዓት ተወስናችሁ ሥሩ። ሰዓት እያለቀ ማሰብ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ከባዱን ጥያቄ አልፎ ቀላሉን መሥራት፣ ከዚያ መመለስ በልምምድ ይመጣል። መመሪያውንም በጥንቃቄ አንብቡ። በህንዱ ፈተና ለምሳሌ የተሳሳተ መልስ ነጥብ ያስቀንሳል። ቅጣት በሌለበት ፈተና ግን ባዶ ትቶ መውጣት ኪሳራ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊው ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል፤ ስለሆነም ዕድሉን ያገኘ ሁሉ በስክሪን ላይ ጥያቄ ማንበብንና በማውስ መመለስን ይለማመድ።

ስድስተኛ፦ እንቅልፍን አትናቁ። ለሊቱን ሙሉ ነቅቶ የፈጅር ሰላት ያመለጠው፣ ቀን ክፍል ውስጥ የሚያንጎላጅ ተማሪ ከሁለቱም የለም። ከዒሻ በኋላ በጊዜ ተኝቶ ከፈጅር በኋላ ባለችው ጸጥ ያለች ሰዓት ሒሳብ የሚሠራ ይበልጠዋል።

ለወላጆች

ውድ እናቶችና አባቶች! «እኛ አልተማርንም፤ በምን እንረዳቸዋለን?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ፊዚክስ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ልጃችሁን ማታ ጠርታችሁ «ዛሬ የተማርከውን ለእኔ አስረዳኝ» በሉት። መኪናው ለምን 40 ሜትር እንደሚንሸራተት ለእናቱ በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ልጅ ነገሩን ይዞታል። ካልቻለም ወደ ደብተሩ እንዲመለስ ረዳችሁት።

ቀጥሎ በግልጽ መነጋገር ያለብን ስለ ሴት ልጆቻችን ነው። ወንዱ «ያጥና» ተብሎ ሲተው፣ እህቱ ከትምህርት ቤት እንደመጣች ወጡን፣ እንጀራውን፣ ሕፃኑንና የእንግዳውን ቡና ትያዛለች። ደብተሯን የምትከፍተው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። ከዚያም ውጤት ሲመጣ «ሴት ልጅ ሒሳብ አይሆንላትም» ይባላል። ሒሳቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው ያልተሰጣት። የቤቱን ሥራ ለሁሉም ልጆች በማከፋፈል ለእሷ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የማይነካ ጊዜ ስጧት። ሱቅ የሚጠብቀው ወንድ ልጅም ቢሆን ደንበኛ እየተቀበለ የሚያጠናው ጥናት ጥናት እንዳልሆነ እወቁ።

የፈተናው ሳምንት ሲደርስ ልጆቹ ከቤት ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሊያድሩ ይችላሉ፤ ስልክም ይዞ መግባት ክልክል ነው። ብዙዎቹ ከቤተሰብ ተለይተው ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነው። ሻንጣቸውን አብራችሁ አዘጋጁ። በመሰናበቻውም ቀን «እንዳታሳፍረን» በማለት ፈንታ «ምንም ውጤት ብታመጣ ልጃችን ነህ፤ የቻልከውን ሥራ፣ የቀረውን ለአላህ ተው» በሏቸው። ይህች ቃል በፈተና አዳራሽ ውስጥ ከብዙ ቀመር ትበልጣለች።

ውጤቱ ሲመጣ

ከመቶ ተማሪ ያላለፉት ከዘጠና በላይ በሆኑበት አገር፣ ያላለፈን ልጅ እንደ ጥፋተኛ መመልከት ፍትሕ አይደለም። ግማሽ ነጥብ ያልሞላላቸው ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም የመማር ዕድል ሲያገኙ ቆይተዋል። እንደገና በግል መፈተንም ይቻላል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም አሉ። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋና ማሽን የሚጠግን ባለሙያ ለአገርም ለወገንም የሚጠቅም፣ በላቡ የሚያድር ሰው ነው።

ባለፈው ልጅም ቢሆን ሥራው አላበቃም። ሸምድዶ የገባ ተማሪ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ሒሳብ ይጠብቀዋል። ተረድቶ የገባው ግን እዚያም መንገዱን ያገኛል፤ ለሚከተሉትም ታናናሾቹ ያስረዳል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጃችሁን ጥሩ፤ ወረቀትና እርሳስ ስጡት፤ ያንን 39 የሚሆነውን ካሬ ሥሎ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይለግሰን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።